ሳያዩን የሚወስኑ ሰዎች፦ የአሜሪካ የዲሳቢሊቲ ማመልከቻ እንደ አገልግሎት ሲታይ

የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ የዲሳቢሊቲ ማመልከቻ፣ ማለትም ሕመም ሥራ የከለከለው ሰው ከመንግሥት ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቅበት፣ ከአምስት ኮከብ ስንት ይገባዋል ብትሉኝ ሦስት እላለሁ። ሕጉ ከምታስቡት በላይ ግልጽ ነው። ለማመልከት አምስት ሳንቲም አይከፈልም። አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፣ አማርኛም አለ። እምቢ ሲሉ ደግሞ እምቢታቸውን ዳኛ ፊት ድረስ ወስዶ መሟገት ይቻላል። ሁለቱን ኮከብ የቀነስኩት ጊዜው እጅግ ስለሚረዝም ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ ለባለጉዳዩ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ስለሌለ። ይሄኛው ያንገበግበኛል። መብት እያለው፣ ማን ምን እንደሚፈልግበት ባለማወቅ ብቻ የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው።

ታላቅ እህቴ ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ኖራ ወገቧና እግሯ ሥራ ሲከለክላት ፎርሙን አብሬያት የሞላሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የዕድር ሰዎችም የቤተክርስቲያን ሰዎችም ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ። አብረን እናነባለን። የምጽፈው ከዚያ ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ ሰው የሚያምታታው፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መኖራቸው ነው። አንደኛው ኤስኤስዲአይ ነው። በ1956 (ዘመኑ ሁሉ እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በፈረሙት ሕግ የመጣ ሲሆን ከደሞዛችን ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ በሚቆረጠው ታክስ የምንገባው ኢንሹራንስ ማለት ነው። ሠርቶ ታክስ የከፈለ ነው የሚያገኘው። ቆጠራው በክሬዲት ነው፤ በ2025 በእያንዳንዱ 1,810 ዶላር ገቢ አንድ ክሬዲት ይያዝ ነበር፣ በዓመት ከ4 አይበልጥም። ባብዛኛው 40 ክሬዲት ይጠየቃል፣ ከዚያም ውስጥ 20ው ሥራ ከመቆሙ በፊት ባሉት 10 ዓመታት የተገኘ መሆን አለበት። ለወጣቶች ባነሰም ይሆናል። ለዓመታት በካሽ ሲከፈለው የኖረ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚደነግጠው። ሥራ አቁሞ «ትንሽ ይሻለኝና አመለክታለሁ» እያለ ብዙ ዓመት የቆየም እንዲሁ፣ ኢንሹራንሱ ጊዜው ያልፍበታልና።

ሁለተኛው ኤስኤስአይ ነው። ከጥር 1974 ጀምሮ የሚሠራ፣ ገቢና ንብረቱ በጣም ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ ወይም 65 ዓመት ለሞላው ሰው የሚሰጥ ነው። የሥራ ታሪክ አይጠይቅም። በ2025 ከፌዴራል የሚሰጠው ከፍተኛው ክፍያ ለአንድ ሰው በወር 967 ዶላር ነበር። ንብረት ግን ለአንድ ሰው ከ2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት ከ3,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። ይህ ጣሪያ ከ1989 ወዲህ አንዴም አልተነካም! የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ ሁላችንም እያየን ለድሃ የተቀመጠው ጣሪያ ባለበት መቆሙ፣ በእኔ እምነት፣ የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ነውር ነው። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ ሌላ ማጣሪያ አለ። በስደተኝነት የመጣ ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰው ኤስኤስአይን በመደበኛው ለ7 ዓመት ብቻ ነው የሚወስደው። ዜግነት የማመልከቻ ጊዜያችሁ ሲደርስ ቸል አትበሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ማመልከቻውን ኦንላይንም፣ በስልክም፣ ቢሮ ሄዳችሁም ብታስገቡ መጀመሪያ የሚያየው በአካባቢያችሁ ያለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ነው። ይሄ ቢሮ ስለ በሽታችሁ አይወስንም። የሚያጣራው ዕድሜ፣ ክሬዲት፣ ገቢ፣ የመኖሪያ ወረቀትና አሁን እየሠራችሁ መሆን አለመሆናችሁን ነው። ያ ካለፈ ፋይሉ ዲዲኤስ ወደሚባል ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ዲዲኤስ የየስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው፣ ወጪውን ፌዴራል መንግሥቱ ይሸፍናል። እዚያ አንድ ገምጋሚና አንድ የሕክምና አማካሪ ሆነው ፋይሉን ያያሉ። ይወስናሉ። እናንተን አያዩም። ስትነሱ ወንበሩን እንዴት እንደምትደገፉ፣ ደረጃ ላይ ስንቴ ቆም እንደምትሉ አያውቁም። የሚያዩት ወረቀቱን ብቻ ነው። ስለዚህ በአካባቢያችሁ ቢሮ መስኮት ላይ ላለችው ሠራተኛ ሕመማችሁን በእንባ ብትነግሯት ልቧ ሊነካ ይችላል፣ ውሳኔው ግን እሷ እጅ ላይ የለም። ይህን የሚነግር ሰው ባለመኖሩ ስንቱ ሰው ትክክለኛውን ቃል ለተሳሳተ ሰው ሲናገር ይውላል።

ገምጋሚው ወረቀቱን የሚሰበስበው እናንተ በፈረማችሁት የፈቃድ ፎርም ነው፣ ቁጥሩ 827 ነው። በዚያ ፈቃድ ለየክሊኒኩ ይጽፋል፣ ማስረጃ ላኩልኝ ይላል። ክሊኒኩ ፈጥኖ ከላከ ጥሩ። ካልላከ ፋይሉ ይተኛል። በእህቴ ጉዳይ አንድ ክሊኒክ ሳይልክ ቆየ፤ ለካ የአባቷ ስም እዚያ መዝገብ ላይ በሌላ ስፔሊንግ ነበር የገባው፣ «እንዲህ የምትባል ታካሚ የለችንም» ብለው ዝም ብለዋል። ይሄ የኛ ሰው ችግር ነው። አንዱ ጋ «ገብረ» ለብቻው፣ ሌላው ጋ ተያይዞ፣ ሦስተኛው ጋ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ። ማመልከቻው ላይ «ሌላ የተጠቀሙበት ስም» የሚል ቦታ አለ። በየክሊኒኩ የተጻፈላችሁን ስም ሁሉ እዚያ አስገቡ። የገምጋሚውን ስምና ቀጥታ ስልክ ከደብዳቤው ላይ ያዙና «የማን ማስረጃ ደረሰዎት፣ የማን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲጠየቁ ይመልሳሉ። ያነጋገረችን ገምጋሚ ትሁትና ፈጣን ነበረች፣ ለዚህ ምስጋና ይገባታል። የቀረውን እኛው ከክሊኒኩ ወስደን ላክን።

ማስረጃው ካልበቃቸው ራሳቸው ከፍለው ሐኪም ጋ ይልኳችኋል። ኮንሰልታቲቭ ኤግዛም ይሉታል። ያ ሐኪም አያክምም፣ መድኃኒት አያዝም፣ አይቶ ሪፖርት ይጽፋል። ምርመራው አጭር ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም ቀጠሮው እንዳያልፋችሁ። ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ለብቻው ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችላል።

ውሳኔው የሚሰጠው አምስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እያለፉ ነው፣ እና ይህን ቅደም ተከተል ያወቀ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። የመጀመሪያው፣ እየሠራህ ነው ወይ? በወር ከተወሰነ ገንዘብ በላይ (በ2025 1,620 ዶላር፣ ለዓይነ ስውር 2,700 ዶላር ነበር) በሥራ የሚያገኝ ሰው እዚያው ይቆማል። ሁለተኛው፣ ሕመሙ ሥራን በእርግጥ የሚያውክ ነው ወይ፣ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ ነው ወይ፣ ወይስ ለሞት የሚያደርስ? ለስድስት ወር የሚያስተኛ ስብራት ምንም ቢያሰቃይ በዚህ ፕሮግራም አይሸፈንም። ሦስተኛው፣ ብሉ ቡክ ከሚባለው የበሽታዎች ዝርዝር ጋር ይገጥማል ወይ? ከገጠመ ሌላ ጥያቄ ሳይኖር ያልፋል። በጣም ከባድ ለሆኑ፣ እንደ አንዳንድ ካንሰሮች ላሉ፣ ከ2008 ጀምሮ ፈጣን መስመር አለ፤ ዛሬ ከ200 በላይ በሽታዎች አሉበት።

ብዙ ሰው ግን ዝርዝሩ ላይ አይገጥምም። የእህቴም አልገጠመም። እንግዲህ እውነተኛው ክርክር እዚህ ይጀመራል። ገምጋሚው «ይህ ሰው ሕመሙ እያለ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ምን መሥራት ይችላል?» ብሎ ይለካል። ስንት ፓውንድ ያነሳል? ስንት ሰዓት ይቆማል? ስንት ሰዓት ይቀመጣል? እጁ ይታዘዘዋል? ትእዛዝ ያስታውሳል? በቀን 6 ሰዓት ያህል ቆሞ 20 ፓውንድ አልፎ አልፎ ማንሳት የሚችል ቀላል ሥራ ይችላል ይባላል። 10 ፓውንድ አንስቶ ባብዛኛው መቀመጥ ብቻ የሚችል የመቀመጫ ሥራ ይችላል ይባላል። አራተኛው ጥያቄ፣ በዚህ አቅም ድሮ የሠራኸውን ሥራ መሥራት ትችላለህ ወይ ነው። እስከ ሰኔ 2024 ድረስ ወደ ኋላ 15 ዓመት ያዩ ነበር፣ አሁን 5 ዓመት ብቻ ነው የሚያዩት። ጥሩ ለውጥ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ሳጥን በስንት ኪሎ ስንቴ እንዳነሳ ማን ያስታውሳል?

አምስተኛው፣ አገሪቱ ውስጥ ሌላ ምንም ዓይነት ሥራ መሥራት ትችላለህ ወይ? እዚህ ላይ ዕድሜ ትልቅ ቦታ አለው። 50 ዓመት የሞላው፣ ይበልጥ ደግሞ 55 የሞላው ሰው፣ ወደ አዲስ ሥራ መዛወር እንደሚከብደው ሕጉ ራሱ ይቀበላል። ለኛ ግን አንድ በር ተዘግቷል። ድሮ እንግሊዝኛ አለመቻል እንደ አንድ የትምህርት ደረጃ ተቆጥሮ አመልካቹን ይረዳ ነበር። ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ቀርቷል። «እንግሊዝኛ ስለማትችል ያልፍላታል» የሚል ምክር ዛሬም ስለምሰማ ነው ይህን የምጽፈው፣ ምክሩ ጊዜው አልፎበታል።

ከዚህ ሁሉ ወረቀት እንደ ፈንክሽን ሪፖርት የሚያስጨንቀኝ የለም። የዕለት ኑሮን የሚጠይቅ ፎርም ነው። ከተነሳህ እስክትተኛ ምን ትሠራለህ? ልብስ መልበስ፣ መታጠብ፣ ፀጉር ማበጠር ይቸግርሃል? ምግብ ትሠራለህ? ምን ዓይነት፣ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብሃል? ስንት ርቀት ሄደህ ነው የምታርፈው? እህቴ «ምግብ ትሠሪያለሽ?» ለሚለው ቶሎ ብላ «አዎ» አለች። እውነቷን ነው። ግን እንዴት ነው የምትሠራው? ሽንኩርቱን ተቀምጣ ትከትፋለች፣ ድስቱን ልጇ ነው የሚያነሳላት፣ ወጡ ሳይበስል ሄዳ ጋደም ትላለች፣ እንጀራ መጋገር ከተወች ቆይታለች። «አዎ» ብቻ ብንጽፍ ኖሮ ያ ሁሉ አይታይም ነበር። ባዶ «አዎ» እና ባዶ «አይ» አትጻፉ። አታጋኑም፣ አትሸፋፍኑም፣ የሆነውን እንደሆነ ከነዝርዝሩ ትጽፋላችሁ። ቦታ ካነሰ መጨረሻ ገጽ ላይ ተጨማሪ መጻፊያ አለ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ የኛ ጠባይ አለ። ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ሲላት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። አስተዳደጋችን ነው፣ ደግሞም ያምራል። ሐኪሙ ግን የሰማውን ይጽፋል፦ ታካሚዋ ደህና ነኝ ብላለች፣ አዲስ ቅሬታ የላትም። ያቺ መስመር ገምጋሚው ጠረጴዛ ላይ ትደርሳለች። እሱ የሚያውቃት በዚያች መስመር ነው። እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ሐኪም ጋ የምትወስዱ ልጆች፣ ተመስገን ካሉ በኋላ «ባለፈው ሳምንት ሌሊት ስንቴ ተነሳሽ? ስንት ደቂቃ ቆመሽ ደከመሽ?» ብላችሁ እዚያው ሐኪሙ ፊት ጠይቋቸው። ይጻፍ።

የሐኪም ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ሰው ደክሞ፣ ለምኖ «ይህች ታካሚ ሥራ መሥራት አትችልም» የሚል ደብዳቤ ያጽፋል። ከመጋቢት 27 ቀን 2017 ወዲህ ለገቡ ማመልከቻዎች እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ክብደት የለውም፤ ያንን የመወሰን ሥልጣን የሶሻል ሴኩሪቲ ነው ይላል ደንቡ። ክብደት ያለው ሐኪሙ «ከ20 ደቂቃ በላይ መቆም አትችልም፣ ከ10 ፓውንድ በላይ ማንሳት የለባትም፣ ምክንያቱም በኤምአርአይ የታየው እንዲህ ነው» ብሎ ሲጽፍ ነው። ቁጥርና ምክንያት ነው የሚፈለገው።

ከዚያ መጠበቅ ይመጣል። ወራት ይሄዳሉ። ከፀደቁት የአዋቂ ፋይሎች ቢያንስ ግማሹ ደግሞ ክፍያ ከመጀመሩ በፊት በፌዴራል ሠራተኞች እንደገና እንዲታዩ ሕጉ ያዛል። «ውሳኔ ተሰጥቷል» ተብሎ ደብዳቤው የሚዘገየው አንዳንዴ በዚህ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከሦስት አመልካች ሁለቱ ገደማ እምቢ ይባላሉ። ደብዳቤው ሲመጣ ብዙ የኛ ሰው ያፍራል፣ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ያስገባዋል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለ፣ ለፖስታ ደግሞ 5 ቀን ይታሰባል። ይግባኙን ትቶ አዲስ ማመልከቻ መጀመር ባብዛኛው ኪሳራ ነው፣ የመጀመሪያው የማመልከቻ ቀን ይጠፋል፣ ከሱም ጋር የኋላው ገንዘብ፣ ማለትም ላለፉት ወራት ሊከፈል ይችል የነበረው።

የመጀመሪያው ይግባኝ ሪኮንሲደሬሽን ይባላል። እዚያው ዲዲኤስ ውስጥ ሌላ ሰው ያየዋል። አብዛኛው ሰው እዚህም እምቢ ይባላል፣ ስለዚህ ተስፋ የሚቆረጥበት ቦታ አይደለም። ቀጥሎ ሂሪንግ ነው፣ ዳኛ ፊት። ለእኔ የአገልግሎቱ ምርጥ ክፍል ይሄ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሰውን ይሰማል። በአካል፣ በቪዲዮ ወይም በስልክ ይሆናል፣ አስተርጓሚ ይመደባል። አዲስ ማስረጃ ካለ ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀን በፊት መግባት ወይም መኖሩ መነገር አለበት።

ሂሪንጉ ላይ የሥራ ባለሙያ ይቀርባል። ዳኛው «እንዲህ ያለ ዕድሜ፣ እንዲህ ያለ አቅም ያለው ሰው ምን ሥራ ይገኝለታል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ባለሙያው ሥራ ይጠራል። የሚጠራው ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ በ1991 ከታደሰ የሥራዎች መዝገብ ነው። ለውዝ የሚለቅም፣ እንቁላል የሚያዘጋጅ የሚባሉ ሥራዎች ሳይቀሩ እየተጠሩ ሰው ሲወድቅ ኖሯል። በ2024 ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ ከመዝገቡ 114 ሥራዎችን ከእንግዲህ አንጠቀምባቸውም አለ። ጥሩ፣ ግን ስንት ሰው ካለፈ በኋላ! መዝገቡ እንዳለ መለወጥ ነበረበት።

ለሂሪንግ ጠበቃ ያዙ እላለሁ። ካላሸነፈ ክፍያ አይወስድም። ካሸነፈ ከኋላው ክፍያ 25 በመቶ ነው፣ ከኅዳር 30 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ ጣሪያው 9,200 ዶላር ነው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ ቀንሶ ይሰጠዋል። ቅድሚያ ጠቀም ያለ ገንዘብ አምጡ የሚል ሰው ከገጠማችሁ ትታችሁት ውጡ። ከዳኛው በኋላ የይግባኝ ካውንስል፣ ከዚያም የፌዴራል ፍርድ ቤት አለ።

ሲፀድቅ በኤስኤስዲአይ የመጀመሪያዎቹ 5 ሙሉ ወራት አይከፈሉም፤ ጡንቻን የሚያዳክመው ኤኤልኤስ የሚባል የነርቭ በሽታ ለያዘው ብቻ ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ቀርቷል። ከማመልከቻው በፊት ላለ ጊዜ እስከ 12 ወር ወደ ኋላ ሊከፈል ይችላል። ኤስኤስአይ ላይ ወደ ኋላ የለም፣ ካመለከቱበት ቀጣይ ወር ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ዛሬ ይደወል። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ የሚመጣው ኤስኤስዲአይ መከፈል ከሚገባበት ወር ጀምሮ 24 ወር ሲሞላ ነው። የታመመን ሰው ሁለት ዓመት ያለ ሜዲኬር ማቆየት ጭካኔ ነው፣ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ከፀደቀም በኋላ ፋይሉ አይዘጋም። መሻሻል ይጠበቃል ከተባለ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው፣ ሊሻል ይችላል ከተባለ በ3 ዓመት ገደማ፣ አይጠበቅም ከተባለ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ያዩታል። አጭር ፎርም በፖስታ ይመጣል፦ ሠርተሃል ወይ፣ ጤናህ ተሻሽሏል ወይ፣ ሐኪም አይተሃል ወይ። ሳይመለስ ከቀረ ክፍያው ሊቆም ይችላል፣ ስለዚህ ቤት ስትቀይሩ አድራሻውን ወዲያው አስታውቁ። ተሽሎሃል ብለው ለማቆም ከወሰኑ ደግሞ 60ውን ቀን አትጠብቁ። ደብዳቤው በደረሳችሁ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብላችሁ «ክፍያው ይቀጥልልኝ» የሚለውን ከመረጣችሁ ገንዘቡ እየገባ ትከራከራላችሁ፤ ከተረታችሁ መልሱ ሊሉ እንደሚችሉ ግን እያወቃችሁ ፈርሙ።